ከችፑዱ ማዶ የነበረው ውኃ

ልደታ ኮንዶሚኒየም
ቅዳሜ፣ ኅዳር 20 ቀን 2018 ዓ.ም.
ውኃ፦ መጥቷል፤ አራተኛ ፎቅ ግን አልወጣም

ውድ ፋዮ፣

እንደምን ሰነበትሽ ብዬ ልጀምር ነበር። ግን ከጠፋሁብሽ ሦስት ዓመት ሊሞላ ነው። አንድ ጊዜ ደውለሽልኝ፣ ስልኩ እጄ ላይ እየጮኸ ስምሽን ዝም ብዬ ያየሁ ሰው አሁን ምን አፍ ኖሮኝ ስለ ጤናሽ ልጠይቅ? ስለዚህ ሰላምታውን እንተወውና ከቀኑ ሥር ስለ ውኃ የጻፍኳትን መስመር እያት። አንቺ እንደምትጽፊያት አድርጌ ነው የጻፍኳት። ለምን እንደሆነ ስትደርሺበት ታውቂዋለሽ።

ደክሞኛል። ይቺን ቃል ጽፌ ሦስቴ ሰርዣታለሁ፤ የበደሉት ሰው ፊት ደከመኝ ማለት ያሳፍራል። ግን እውነቱ እሱ ነው። ጀርባዬ ከማክሰኞ ወዲህ ቀጥ አይልልኝም። ደረጃውን ስወጣ ሁለተኛው ፎቅ ላይ ቆሜ ስልክ የማወራ መስዬ አርፋለሁ። ጎረቤቴ ሳሚያ ትናንት አይታኝ «አንቺ ልጅ፣ አረጀሽ እንዴ?» አለችኝ። አዎ አልኳት። ሠላሳ አራት ዓመቴ ነው።

የጀርባዬን ነገር እነግርሻለሁ፤ መጀመሪያ ግን ከሥሩ ልነሳ። የምታውቂውን ነው የምደግምልሽ፣ አትሰልቺ። ከሥሩ ካልተነሳሁ እንደ ልማዴ ዋናውን ነገር ዘልዬ አልፈዋለሁ።

ጌጃ ሰፈር እናንተ ቤት፣ እናትሽ «እናንተ ልጆች ግን ሥራችሁ ምንድን ነው?» ብለው የጠየቁን ቀን ትዝ ይልሻል? እኔ ስለ ፕላዝማ፣ ስለ ማግኔት፣ ስለ ሚሊዮን ዲግሪ ስቀባጥር አንቺ አቋረጥሽኝ። «እማዬ፣ ክዳኑ የማይከፈት ድስት አለ እንበል» አልሻቸው። «ውስጡ ያለው ከፀሐይ እምብርት የባሰ ስለሚያቃጥል ማንኪያም ቴርሞሜትርም አይገባበትም። እንዳይፈስ ዙሪያውን በማግኔት ታስሯል። አንድ ነገር ግን ማግኔት ሊይዘው ስለማይችል ያመልጣል፤ ስሙ ኒውትሮን ይባላል። እኛ ደጅ ቆመን የሚያመልጡትን እንቆጥራለን። ከቁጥራቸው ውስጡ ምን ያህል እንደጋለ እናውቃለን።» እናትሽ ትንሽ አሰቡና «አሃ፣ ጎረቤት ምን እንደሠራ በሽታው እንደማወቅ» አሉ። ከዚያ ወዲህ ስንት ጉባኤ ላይ ቁጭ ብያለሁ፤ እንደሳቸው አሳጥሮ የተናገረ አልሰማሁም።

ቆጣሪያችን ደግሞ ከሚያመልጡት ውስጥ ጥቂቶቹን ብቻ ነው የሚያየው። ከስንቱ ስንቱን እንደሚያይ ካላወቅን የቆጠረው ሁሉ ከንቱ ነው። ለዚህ ነው ባሕር ማዶ ወዳለው ማሽን፣ ወደዚያ ድስት፣ ከመላካችን በፊት እዚሁ ልደታ፣ በመሥሪያ ቤታችን ምድር ቤት የፈተንነው። በሰም በተሞላው በርሜል የምትቀመጠውን ትንሿን የኒውትሮን ምንጭ አወጣን። በየሰከንዱ ስንት እንደምትለቅ ቀድሞ የታወቀ ነው። ከቆጣሪው ሰማንያ ሴንቲ ላይ አስቀመጥናትና ቆጠርን። መጀመሪያ አንቺ፣ ሐሙስ የካቲት 2 ቀን 2015፤ በደቂቃ አንድ ሺህ ሁለት። ከዚያ እኔ፣ ማክሰኞ የካቲት 7፤ በደቂቃ አንድ ሺህ አንድ መቶ አርባ። ቆጣሪው ያው፣ ምንጯ ያቺው፣ ክፍሉም ያው ነው። ልዩነቱ ግን ወደ አሥራ አራት በመቶ።

ክፍሉን እንዴት እንደምናጸዳው ታስታውሻለሽ። ኒውትሮን ውኃ ካገኘ እየተጋጨ ይመለሳል፤ ከቆጣሪው አልፎ ሊሄድ የነበረው ዞሮ ይገባና ቁጥሩን ያበዛዋል። ይህን የአንደኛ ዓመት ተማሪም ያውቀዋል። አለቃችን ዶክተር በድሉማ «የመጠጥ ውኃ ይዞ መግባት ክልክል ነው» የሚል ወረቀት በሩ ላይ ለጥፈው ነበር። እኔን አንድ ቀን ቦርሳዬ ውስጥ ሁለት ሎሚ ተገኝቶ ከነቦርሳዬ አስወጥተውኛል። አንቺ እስክታለቅሺ ሳቅሽ። ያን ያህል ነበር ጥንቃቄያችን።

አሁን የዚያኑ ማክሰኞ ማታ ወደተቀመጥነው ስብሰባ ልምጣ። ይህን ክፍል ለመጻፍ ከጠዋት ጀምሮ ስዞረው ነው የዋልኩት።

ባለማሽኖቹ ቆጣሪው በዚያ ርቀት በደቂቃ ቢያንስ አንድ ሺህ አንድ መቶ ካልቆጠረ አንቀበልም ብለው ነበር። የኔ ቁጥር ያልፋል፣ ያንቺ ይወድቃል። ዶክተር በድሉ ሁለቱን ቁጥሮች ሰሌዳው ላይ ጎን ለጎን ጻፉና ቆመው አዩዋቸው። ከዚያ «ርቀቱ አምስት ሴንቲ ቢዛነፍ ይህን ልዩነት ያመጣል» አሉ። ስሌቱ ልክ ነው፤ አምስት ሴንቲ ይበቃዋል። «ሐሙስ ዕለት ርቀቱን ማን ለካው?» አሉሽ።

«እኔና ኑኃሚን» አልሽ። «እሷ የሜትሩን ጫፍ ይዛልኝ ነበር።»

ወደኔ ዞሩ። ከጠረጴዛው ሥር እግርሽ እግሬን ነካ አደረገው። ተናገሪ እንጂ ማለትሽ ነበር። እኔም «እኔ… በደንብ አላስታውስም» አልኩ።

ፋዮ፣ አስታውስ ነበር። የሜትሩን ጫፍ ምንጯ ላይ ይዤ፣ ጎንበስ ብዬ፣ «ሰማንያ፣ ልክ ሰማንያ» ብዬ ጮክ ብዬ የነገርኩሽ እኔ ነኝ። አንቺ አላመንሽኝም፤ ድገሚው አልሽና ደገምነው። ድጋሚም ሰማንያ ነበር። ከአምስት ቀን በኋላ ይህ ከጭንቅላቴ አይጠፋም።

ለምን እንደዋሸሁ ብዙ ጊዜ ለራሴ ሰበብ ደርድሬለታለሁ። ሥራው እንዳይስተጓጎል፣ ዶክተር በድሉ እንዳይናደዱ፣ ምናምን። የለም፤ ቆጣሪውን ይዞ የሚሄደው አንድ ሰው ነበር። ቁጥሩ ተቀባይነት ያገኘለት ሰው ነው የሚሄደው። እኔ ደግሞ በሕይወቴ አውሮፕላን ተሳፍሬ አላውቅም ነበር። ይኸው ነው። ከዚህ የሚበልጥ ምክንያት ብፈልግም አላገኘሁም።

ሪፖርቱ ላይ «የመጀመሪያው ልኬት በርቀት አለካክ ስህተት ምክንያት ተሰርዟል» ተብሎ ተጻፈ። የማን ስህተት እንደሆነ አልተጻፈም፤ ግን መሥሪያ ቤቱ ሙሉ ያውቀዋል። እኔ ስምንት ሳምንት ሄጄ መጣሁ። አንቺ ሰኔ ላይ ኮንትራትሽ ሳይታደስ ቀረ። አዳማ ሄደሽ ዘጠነኛ ክፍል ፊዚክስ ማስተማር ጀመርሽ ሲባል ሰማሁ። አንዱ ባልደረባ «እሷ እንኳ ማስተማሩ ይሻላታል» ሲል ሰምቼ እሱንም ዝም አልኩት።

ያን ጊዜ ጉዳዩ የተዘጋ መስሎኝ ነበር። አልተዘጋም። ኅዳር በገባ በሳምንቱ ኢሜይል መጣ። ማሽኑን ለጥገና ሲከፍቱት በብረት ክንድ ምንጭ ውስጡ አስገብተው ቆጣሪያችንን እንደገና ፈትነውታል። ያዩት ምን መሰለሽ? ልደታ ላይ ለካን ያልነው ቆጣሪው በእውነት ከሚያየው በአሥራ አራት በመቶ ይበልጣል። ይህ ማለት ሁለት ዓመት ከምናምን ሙሉ ኒውትሮኑን አሳንሰን ስንነግራቸው ነበር፤ እሳታቸው ከእውነቱ ይልቅ የቀዘቀዘ መስሏቸው ነበር። የጎደለው ሙቀት የት እንደገባ ሲያስሱ የከረሙ ሰዎች አሉ። አንዷን አውቃታለሁ፤ እዚያ ሳለሁ ሲበርደኝ ከመኝታዋ ብርድ ልብስ አምጥታ ያለበሰችኝ ልጅ ናት። ሁለት ዓመቷን የበላው የሌለ ነገር ፍለጋ ነው። ኢሜይሉ የሚጠይቀው አጭር ነው፤ «ምክንያቱን ታውቃላችሁ?» ይላል።

ዶክተር በድሉ አንብበው መነጽራቸውን አወለቁ። «በጉዞ ላይ ተንገጫግጮ ነው በያቸው» አሉኝ። «ካርጎ የማይሰብረው ነገር የለም።» የሚያስኬድ መልስ ነው። ማንም ሊያጣራው አይችልም። ጻፍኩት። ጥቂት ቀን ግን ሳልልከው አስቀመጥኩት። ጥሩ ሰው ሆኜ እንዳይመስልሽ፤ መላክ ደክሞኝ ነው ማለት ይቀላል።

ከዚያ ኅዳር ሚካኤል መጣ። መቼም ታውቂዋለሽ፣ ጭሱ ይቅር ቢባልም ኮንዶሚኒየሙ ግቢ የሚተወው የለም። ከማለዳው ሰው ሁሉ የቤቱን ጥራጊ እያወረደ ይከምራል። ሳሚያ ሳትቀር በዓሉ የሷ ባይሆንም አሮጌ ፍራሽ እየጎተተች «ይሄማ ለሁላችንም ነው» ትላለች። እኔም ሥራ ከመሄዴ በፊት ከአልጋዬ ሥር ያለውን ካርቶን ይዤ ወረድኩ። ውስጡ የቆዩ ወረቀቶች ነበሩ፤ ከሥራቸው ደግሞ ያንቺ ደብተር።

ይህንም ልናዘዝ። ደብተርሽ አልጠፋም ነበር። ከሄድሽ በኋላ ከጠረጴዛሽ ላይ ያነሳሁት እኔ ነኝ። ላስቀምጥላት ነው ብዬ ነበር ለራሴ። ያነሳሁት ግን የሐሙሱን ገጽ ሰው እንዳያየው ይመስለኛል።

እሳቱ አጠገብ ቆሜ ገለጥኩት። የየገጹ ራስ ላይ ያቺ መስመርሽ አለች። መሥሪያ ቤታችን ውኃ ሲመጣ ሁለት ጀሪካን ለእናትሽ በታክሲ ትወስጂ ስለነበር፣ ቀኑን እንዳትረሺ የመጣበትንና ያልመጣበትን ከልኬቱ በላይ ትጽፊያለሽ። ዶክተር በድሉ ስንት ጊዜ ቀልደውብሻል! «ፋዮ፣ ይሄ የላብ ደብተር ነው የጓዳ?» ሲሉ ሁላችንም እንስቅ ነበር። እኔም ስቄያለሁ።

የሐሙሱ ገጽ እንዲህ ይላል፦ «ውኃ፦ ከቅዳሜ ወዲህ የለም። የእትዬ ትርፌ ጀሪካኖች ሁሉም ባዶ።» ከሥሩ አንድ ሺህ ሁለት።

የማክሰኞውን፣ እኔ የለካሁበትን ቀን ገለጥኩ። «ውኃ፦ መጥቷል። ሃያ አራቱም ሞልተዋል። ሁለቱ የኑኃሚን ናቸው።»

እዚያው በጭሱ መሐል ደረጃው ላይ ተቀመጥኩ። ሳሚያ ጭሱ የጎዳኝ መስሏት ውኃ አመጣችልኝ። ውኃ! ብርጭቆውን ይዤ ሳየው ቆየሁ።

ካሁኑ ገብቶሻል። ከቆጣሪው ጀርባ ያለው ግድግዳ ችፑድ ነው፤ ለኒውትሮን ችፑድ ማለት እንደሌለ ነው። ከችፑዱ ማዶ ደግሞ የጽዳት ሠራተኛችን የእትዬ ትርፌ ዕቃ ቤት። ውኃ በመጣ ቁጥር የመሥሪያ ቤቱን ጀሪካን ሁሉ ሞልተው እዚያው ችፑዱን አስደግፈው ይደረድሩታል። ወደ አምስት መቶ ሊትር ውኃ፣ ከቆጣሪው አንድ ክንድ ተኩል ላይ! ሎሚ ይዛ ገባች ብለን ሰው እናስወጣለን፤ ያንን ግን አንዳችንም አላየነውም። ውኃ ማጠራቀም ለኛ ኑሮ ነው፤ ፊዚክስ ውስጥ ይገባል ብሎ ማን ያስባል? አንቺም አላሰብሽውም። ግን ጽፈሽዋል።

ማክሰኞን ጠበቅኩ፤ ያው ውኃ የሚመጣበት ቀን ነው። የቆጣሪው መንትያ እዚሁ ስለቀረ እሱን በድሮው ቦታ አቆምኩት። ጀሪካኖቹ እንደሞሉ ቆጠርኩ። ቀጥሎ እትዬ ትርፌንና ጥበቃውን ዓብዱልሰላምን ለምኜ ሃያ አራቱን ጀሪካን ወደ ግቢ ማውጣት ጀመርን። ዓብዱልሰላም አራተኛውን ሲያነሳ «ዛሬ ደግሞ ውኃውን ፀሐይ ልታስመቱት ነው?» አለኝ። ባዶውን ቆጠርኩ። ከዚያ መልሰን አስገባን፣ እንደገና ቆጠርኩ። ጀርባዬ የሄደው ያኔ ነው። ሲሞላ በደቂቃ አንድ ሺህ አንድ መቶ ሠላሳ አንድ፤ ሲወጣ ዘጠኝ መቶ ዘጠና ሦስት፤ ሲመለስ አንድ ሺህ አንድ መቶ ሃያ ዘጠኝ። ወደ አሥራ አራት በመቶ፣ ፋዮ።

እትዬ ትርፌ ነጠላቸውን አጣፍተው፣ የተገለበጠ ባልዲ ላይ ተቀምጠው ያዩኛል። ነገሩን እንደምንም አስረዳኋቸው። «እንግዲያ ያቺን ልጅ ያስወጣት የኔ ጀሪካን ነዋ» አሉ።

«የለም እትዬ ትርፌ» አልኳቸው። «ያስወጣኋት እኔ ነኝ።»

«አንቺ ደግሞ ምን አረግሽ?»

ነገርኳቸው። ላንቺ ከመጻፌ በፊት ለሰው ስናገረው የመጀመሪያዬ ነበር። ይቆጡኛል ብዬ ጠብቄ ነበር። አልተቆጡም። ተነሱና «እኔስ ስትሄድ አልቅሻለሁ» ብለው መጥረጊያቸውን ይዘው ወጡ። ቢሰድቡኝ ይሻለኝ ነበር።

በማግስቱ ዶክተር በድሉ ጋ ገባሁ። ውጤቱን ጠረጴዛቸው ላይ ዘረጋሁላቸው፤ ደብተርሽንም አጠገቡ። ውኃ የሚለውን መስመር በጣታቸው ተከትለው አነበቡ። ደጋግመው አነበቡት። ክፉ ሰው እንዳልሆኑ ታውቂያለሽ፤ ደክሟቸዋል፤ ጡረታ ሊወጡ ሰባት ወር ነው የቀራቸው።

«ትክክል ነው» አሉ በመጨረሻ። «ግን ለምን ትቆፍሪዋለሽ? እነሱ አዲሱን ቁጥር አግኝተዋል። ሥራቸው ተስተካክሏል። ካርጎ ብንል ማን ይጎዳል?»

«ፋዮ» አልኳቸው።

«ልጅቷ ኑሮዋን ጀምራለች እኮ።»

«ዶክተር፣ ሪፖርቱ ላይ የተሰረዘው የሷ ልኬት ነው። ልክ የነበረውም የሷ ነው። እኔ ደግሞ ርቀቱን አላስታውስም ያልኳችሁ ውሸቴን ነው። ሜትሩን ይዤ ነበር።»

ቀና ብለው አዩኝ። «ከጥር ጀምሮ የክፍሉን ኃላፊነት ልሰጥሽ ነበር» አሉ። «ይህን ብትልኪ ማንም አይሾምሽም። እኔም አልፈርምበትም። ስሜ አለበት።»

እሺ አልኳቸው። ደግሜ የምከራከርበት አቅም አልነበረኝም። ደብተርሽን አንስቼ ወጣሁ።

ትናንት ዓርብ በራሴ ፊርማ ብቻ ላክሁት። ምንም አላስጌጥኩም። ውኃውን፣ ችፑዱን፣ ጀሪካኖቹን ጻፍኩ። የመጀመሪያው ልኬት ትክክል እንደነበር፣ የለካችውም ፋዮ ቦጂያ እንደሆነች በሙሉ ስምሽ ጻፍኩ። የሁለቱን ገጾች ፎቶ ከነውኃው መስመር አያያዝኩት። የሜትሩንም ነገር ጻፍኩ። ከዚያ ወጥቼ የታክሲ ሰልፍ ያዝኩ። አርባ ደቂቃ ሙሉ ቆሜ አንድም ነገር አላሰብኩም።

መልሱ ዛሬ ጠዋት ደረሰ። ያንቺ ቁጥርና እነሱ ማሽኑ ውስጥ ያገኙት በአንድ በመቶ እንኳ አይለያይም ይላሉ። በየልኬቱ ራስ ላይ የውኃውን ሁኔታ መጻፍ የማን ሐሳብ እንደነበረም ጠይቀዋል፤ እንዲህ ያለ ጠንቃቃ ሰው እንፈልጋለን ይላሉ። ከእናትሽ ጀሪካን እንደመጣ አልነገርኳቸውም፤ አንቺ ንገሪያቸው። የመጨረሻው መስመር ግን፦ «ፋዮ ቦጂያ አሁንም በዚህ ሥራ ላይ ናት?» ይላል። ናት ልበል? ነበረች ልበል? መልሱ የኔ አይደለም፤ አንቺ ነሽ የምትመልሺው። የደብዳቤውን ግልባጭና አድራሻቸውን ከዚህ ጋር አድርጌልሻለሁ። አልመልስም ብትይም መብትሽ ነው። እዚያ ያሉት ልጆችሽ፣ ዘጠነኛ ክፍሎቹ፣ ዕድለኞች እንደሆኑ አውቃለሁ።

ከዚያ ጌጃ ሰፈር ወረድኩ። በሩን አንኳኳሁ። እናትሽ ድንች እየላጡ ነበር፤ ቢላዋውን አስቀምጠው ተነሱና አቀፉኝ። «ለምን ጠፋሽብን? ፋዮ እኮ ሥራ በዝቶባት ነው ትላለች» አሉኝ። እስካሁን እንደዚያ ነው የምትያቸው ማለት ነው። ሦስት ዓመት ሊሞላ ነው፤ ለእናትሽ እንኳ በኔ ላይ አንድ ቃል አልተናገርሽም። ቁጭ ብዬ ከሳቸው ጋር ድንች ላጥኩ። «አሁንም ስለ ውኃ ትጠይቅዎታለች?» አልኳቸው። ሳቁ። «በስልክም ቢሆን መጀመሪያ የምትጠይቀኝ እሱን ነው። መጣ? ሞላሽ? ትለኛለች» አሉ። ስለ ሜትሩ ልነግራቸው አፌን ከፈትኩ፤ ቀድመሽ መስማት ያለብሽ አንቺ ነሽ ብዬ ዘጋሁት። ከሰማሽ በኋላ ግን እኔው ሄጄ እነግራቸዋለሁ። የሚመጣው ሳምንት እንደምትመጪ ስለነገሩኝ ይህን ደብዳቤና ደብተርሽን ነገ ወስጄ እሳቸው ጋ አስቀምጥልሻለሁ። ደብተሩ ትንሽ ጭስ ጭስ ይላል፤ ይቅርታ።

ይቅር በይኝ ብዬ አልጽፍልሽም። ለመጠየቅ እንኳ ዘግይቻለሁ፤ ደግሞ ብትይኝ ምን እንደማደርገው አላውቅም። ናፍቀሽኛል ግን። ይህን መናገር ከተፈቀደልኝ፣ በጣም ናፍቀሽኛል። ሥራ ቦታ የሚያስቀኝ ሰው የለም። ሎሚ ባየሁ ቁጥር አንቺን ነው የማስበው።

አንድ ነገር ብቻ ቀርቶኛል። ያን ቀን ሰው ፊት ልለው የሚገባኝን ቃል አላልኩም፤ ለባለማሽኖቹ የጻፍኩት ለነሱ ነው፤ ላንቺ አልሆነም። ስለዚህ እዚህ እጽፈዋለሁ፣ ለማንም አሳዪው፦

ሐሙስ፣ የካቲት 2 ቀን 2015 ዓ.ም.፣ ከምንጯ እስከ ቆጣሪው ያለው ርቀት ሁለት ጊዜ ተለክቶ ሁለቱንም ጊዜ ሰማንያ ሴንቲ ሜትር ነበር። የሜትሩን ጫፍ የያዝኩት እኔ ነኝ። በደንብ አስታውሳለሁ።

ኑኃሚን